ሰላምታ የሚመልሰው ቴሌቪዥን

ቴሌቪዥን ላይ ዜና አንብቤ አውቃለሁ ብዬ የነገርኩት ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፊቴን ያያል፣ ቀጥሎ እግሬን ያያል፣ ከዚያ ወሬውን ወደ ዝናብ ይመልሰዋል። አልቀየምም። እኔም ብሆን አላምንም ነበር። ትምህርቴ ከስድስተኛ ክፍል አላለፈም። በዚያ ላይ ዓይናፋር ነኝ። ዓይናፋር ስል ደግሞ እንግዳ ሲመጣ ነጠላዋን ወደ አፏ የምትስብ ዓይነት እንዳልመስላችሁ፤ እሷ ጤነኛ ናት። እኔ አንድ ቀን ጨው ልገዛ ሄጄ፣ ባለሱቁ በጥድፊያ የሌላ ሰው ዕቃ አንስቶ ቢያስጨብጠኝ፣ «ይህ የኔ አይደለም» ማለት አፍሬ ባትሪ ድንጋይ ይዤ ቤቴ ገብቻለሁ። ቤታችን ሬዲዮ አልነበረም። እናቴ ድንጋዮቹን ብዙ ካገላበጠቻቸው በኋላ፣ «እንግዲህ ወጡ ውስጥ ልጨምራቸው?» አለችኝ።

ታዲያ እንዲህ ያለችው ሰው እንዴት ዜና አንባቢ ሆነች ብትሉ፣ ጥፋቱ የፍየሎች ነው።

ጊዜው ሰው ሁሉ «ጓድ» የሚባባልበት፣ ወሬ ከመጀመራችን በፊት ግራና ቀኝ የምናይበት ጊዜ ነበር። እኔ ነገሌ ውስጥ በሐጂ ኑር ሱቅ በረንዳ ላይ የስፌት መኪና እየረገጥኩ ሽርጥና የልጆች ሱሪ እሰፋለሁ። ሐጂ ኑር የጓደኛዬ የሀሊማ አባት ናቸው። ከከተማው ሰው ሁሉ ቀድሜ ቴሌቪዥን ካላየሁ ብለው ከሞያሌ አንድ ትልቅ አስመጡ፤ አራት እግርና እንደ ቁም ሳጥን የሚከፈት የእንጨት በር ያለው። ያስመጡት በጭነት መኪና ነው፤ ከላዩ ፍየሎች አስጭነውበት። ለምን ከፍየል ጋር ሲባሉ፣ ፈታሾች ፍየል ሥር ገብተው አይፈትሹም ነበር መልሳቸው። እውነታቸውን ነው፤ ማንም አልፈተሸም። ፍየሎቹ ግን ከሞያሌ እስከ ነገሌ ቆመውበት መጡ። ሲወርድ መስታወቱ የለም፣ ሆድ ዕቃው ተዘርግፏል፣ እንጨቱ ብቻ ጭረት ሳይነካው ያበራል።

ሐጂ ኑር ሐዘን ተቀመጡ ማለት ይቻላል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «አላህ ይተካው» ብሎ ሄደ። ከዚያ ሳጥኑ ከሱቁ ኋላ ያለው መጋዘን ውስጥ ገባ፤ አንዲት ዶሮም ተረከበችው።

ጣቢያውን የከፈተችው ሀሊማ ናት። ሀሊማ ለሁለታችን የተመደበውን ድፍረት ለብቻዋ የወሰደች ልጅ ናት። አንድ የገበያ ቀን ዶሮዋን አስወጥታ፣ ሳጥኑን ጠርጋ፣ ጠረጴዛ ላይ ሰቅላ ጃርሶን ጠራችው። ጃርሶ የከብት ገበያ አስተርጓሚ ነው። ከቦረና ከብት ነድቶ የሚመጣውንና ከደጋ የሚመጣውን ነጋዴ ያገናኛል፤ የአንዱን ስድብ ለሌላው ምርቃት አድርጎ ማድረስ ይችልበታል። እናቱ ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም፤ ዓይናቸውም ስለደከመ ከቤት እስከ በር የሚሄዱት እሱን ይዘው ነው። ጃርሶ የማንንም ድምፅ ይቀዳል። በተለይ የቀበሌያችንን ሊቀመንበር።

ሊቀመንበሩ ንግግር ሲጀምር ዓይኑን ይጨፍናል። «ጓዶች» ይላል። ከዚያ ዝም ይላል። ያ ዝምታ ረጅም ነው፤ ስብሰባ ላይ ሹራባቸውን በዚያ ዝምታ ውስጥ ሠርተው የጨረሱ ሴቶች አሉ። ጃርሶ በሳጥኑ ኋላ ገብቶ ፊቱን መስታወቱ በነበረበት በኩል አወጣና ዓይኑን ጨፍኖ «ጓዶች» አለ። ዝምም አለ። መጋዘኑ ውስጥ ጥላ ፍለጋ ተቀምጠው የነበሩት ገበያተኞች በሳቅ ጆንያ ላይ ወደቁ።

በዚህ ተጀመረ። በየገበያው ቀን ከሰዓት በኋላ ዜና አለ፣ የአየር ሁኔታ አለ፣ የሐጂ ኑር የሽርጥ ማስታወቂያ አለ። የኛ ቴሌቪዥን መብራት አይፈልግም፤ በከተማችን መብራት የሚመጣው ሲመሽ ሲሆን የሚሄደው ሲፈልግ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዜናችንም የትም የማይነገር ነው። ኅብረት ሱቁ «ስኳር የለም» ባለበት ቀን ስኳሩ በማን በር በጆንያ እንደገባ እንናገራለን። የውሃ ቦቴው የሊቀመንበሩን ጓሮ ፓፓያ ሳያጠጣ ወደ ሕዝቡ እንደማይመጣ እንናገራለን። መጨረሻ ላይ ሀሊማ ተነስታ፣ መጋዘን ውስጥ የሰማችሁትን መጋዘን ውስጥ ተዉት ትላለች። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ነገር ሰው ታስሯል።

እኔ ሥራዬ በር ላይ መስፋት ነበር። የቀበሌ ጥበቃ ወደ ሱቁ ሲመጣ መኪናዬን በኃይል እረግጣለሁ፤ ውስጥ ያሉት ይሰማሉ። ለእንደኔ ያለ ሰው የሚስማማ ሥራ ነው። አንድ ቀን ግን ጃርሶ ለከብት ጉዳይ አሬሮ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ሕዝቡ ተሰብስቧል። ሀሊማ ክንዴን ይዛ ወደ ሳጥኑ ገፋችኝ። እሞታለሁ አልኳት። ከዜናው በኋላ ሙቺ አለችኝ።

ሳጥኑ ፊት ላይ ስስ ጥቁር ሻሽ ወጥረንበት ነበር። ከውስጥ ሆኖ ሰው ይታያል፤ ዓይኑ ግን አይታይም። ለካስ እኔን ሲገድለኝ የኖረው የሰው ዓይን ኖሯል። «እንደምን ዋላችሁ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ የኔ ነበር። ሰውነቴ ከሳጥኑ ኋላ ይንቀጠቀጣል፣ አፌ ግን ይናገራል፤ ሁለቱ የማይተዋወቁ ሰዎች መሰሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ጃርሶ ሊቀመንበሩን፣ እኔ የቀረውን ሁሉ ሆንን።

አሁን አባ ጋልገሎን ላስተዋውቃችሁ። ከአሬሮ በኩል ከብት እየነዱ የሚመጡ የቦረና ሽማግሌ ናቸው። በእነሱ ደንብ ከሩቅ የመጣ ሰው ዘሎ ወሬ አይጀምርም፤ ከጀመረም በዋዛ አይለቀቅም። መጀመሪያ «ናጋ?» ይባላል፤ ሰላም ነው ወይ ማለት ነው። ከብቱ ናጋ? ልጆቹ ናጋ? ዝናቡ ናጋ? መልሱ ሁሉ ናጋ ነው። ቤቱ ተቃጥሎበት የመጣ ሰው እንኳን መጀመሪያ ናጋ ነው የሚለው። ሰላምታው ሲያልቅ ቀስ ተብሎ «ቤቱስ?» ይባላል፤ «ቤቱማ ተቃጠለ» ይላል። ወሬ ያመጣ ሰው ደግሞ ጠያቂው እስኪጠግብ ይጠየቃል። ጥያቄ ትቶ መነሳት ነውር ነው።

አባ ጋልገሎ መጀመሪያ ቀን ፊት ለፊት ተቀምጠው እንደምን ዋላችሁ ስል «ናጋ?» አሉ። ዝም ብዬ ወደ ዜናው ልሄድ ስል ጠበቅ አድርገው ደገሙት። እኔ ብዙ ነገር ያሳፍረኛል፤ የትልቅ ሰው ሰላምታ አለመመለስ ግን ከሁሉም ይብሳል። ከሳጥኑ ውስጥ ሆኜ «ናጋ» አልኩ። የከብት ዋጋ ጠየቁኝ። የወደራን መንገድ ጠየቁኝ። የማውቀውን መለስኩ፤ ሰፈራችን ያሳደገኝ በአማርኛም በኦሮምኛም ነው። እሳቸውም በተራቸው የአሬሮን ኩሬ፣ የሞተውን፣ የተጋባውን ነገሩን። ከዚያ ወዲህ የኛ ጣቢያ ሰው የሚጠይቀውና የሚመልስለት ሆነ። ሀሊማ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ሰው እንዳለ ያውቁ እንደሆነ ጠየቀቻቸው። በጣም ተገረሙባት። ሰው ከሌለበት ማን ይመልሳል አሏት። ቴሌቪዥን ማለት ከኋላው ሰው የተቀመጠበት ሳጥን መሆኑን በደንብ አይተው ተረድተዋል።

እኛም ሳቅን። ማረም ነበረብን፤ ሳቅን።

ብዙም ሳይቆይ ለቀበሌያችን እውነተኛ ቴሌቪዥን ተላከ። የምረቃው ዕለት ማታ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ፤ ያልመጣ ሰው የኅብረት ሱቅ ካርዱን እንደሚነጠቅ በድምፅ ማጉያ ስለተነገረ ሕዝቡ በጣም ፈቃደኛ ነበር። ሊቀመንበሩ ኦሮምኛው ፍየል ከመግዛትና ሰላም ከማለት ስለማያልፍ ጃርሶን ለማስተርጎም አጠገቡ አቁሞታል። እኔና ሀሊማ መሐል ላይ ተቀምጠናል። አባ ጋልገሎ ፊት ወንበር ተሰጥቷቸዋል። መጀመሪያ እንደሚነፋ ጤፍ የሚንቀጠቀጥ ነገር ታየ፤ ቀጥሎ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ከጤፉ ውስጥ ብቅ አለና እንደምን አመሻችሁ አለን።

አባ ጋልገሎ በትራቸውን ይዘው ተነሱ። «ናጋ?» አሉት።

ሰውዬው ስለ አንድ ፋብሪካ ማውራት ቀጠለ። አባ ጋልገሎ ደገሙት። ሰውዬው ከፋብሪካው ወደ ሌላ ፋብሪካ ሄደ። ወደ ሕዝቡ ዞር ሲሉ ፊታቸው ላይ ቁጣ አላየሁም፤ ስለ ሰውዬው አፍረው ነበር።

ሊቀመንበሩ ምን እንደፈለጉ ጃርሶን ጠየቀው። ሰላም እያሉት ነው አለ ጃርሶ። እንደማይሰማ፣ ያለውም አዲስ አበባ እንደሆነ ንገራቸው ተባለ፤ ነገራቸው።

«ከሩቅ ከመጣማ ሰላምታው ይብስበታል» አሉ አባ ጋልገሎ በኦሮምኛ። «ደግሞ የማይሰማ ከሆነ ለምን ያወራል?»

«በጣም ደስ ብሎኛል ይላሉ» አለ ጃርሶ።

አባ ጋልገሎ ግን አልተቀመጡም። የሐጂ ኑር ቴሌቪዥን ከዚህ ይሻላል፣ እሱ ሲጠይቁት ይመልሳል አሉ። አሁንም በኦሮምኛ ነው፤ ነገር ግን «ሐጂ ኑር» የሚለውና «ቴሌቪዥን» የሚለው በየትኛውም ቋንቋ ያው ነው። ሀሊማ እጄን ያዘችኝ። ሀሊማ ስትፈራ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሊቀመንበሩ ሐጂ ኑር ምን ሆኑ አለ። ጃርሶ ሐጂ ኑር ቴሌቪዥን ገዝተው ፍየል እንደረገጠባቸው፣ ሽማግሌውም በዚህ እንዳዘኑ ተረጎመ።

አባ ጋልገሎ የገበያ አማርኛ ይችላሉ። «ጃርሶ፣ እኔ አላዘነም» አሉ። ከዚያ ነገሩ እንዲስተካከል ራሳቸው ወደ ሊቀመንበሩ ዞሩ። «የሐጂ ኑር ጥሩ ነው። ሴት ልጅ አለ፣ ይመልሳል። አንተም እዚያ አለህ። ጓዶች ይላል፣ ዝም ይላል። ከዚያ ቦቴ ፓፓያ አጠጣ ይላል። ሰው ይስቃል፣ ጥሩ ነው።»

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቀች፤ ሳቋን ወደ ሳል ለወጠችው። ወዲያው አዳራሹን በሙሉ ሳል ያዘው። ከረባት ያሰረው ሰውዬ ብቻ ሳይስል ማውራቱን ቀጠለ።

ሊቀመንበሩ አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለን ነበር። ነገ እሱም መጥቶ የሐጂ ኑርን ቴሌቪዥን እንደሚያይ ተናገረ፤ እግረ መንገዱንም እንደ ዘመድ ጃርሶ ትከሻ ላይ እጁን ጣል አደረገ።

«ለመሆኑ ዕድሜህ ስንት ሆነ?» አለው።

ዕድሜ መጠየቅ ያን ሰሞን ምን ማለት እንደነበር ያኔ የነበረ ያውቃል። ለብሔራዊ ውትድርና ወጣት የሚታፈስበት ወቅት ነበር። ቀበሌው መሙላት ያለበት ኮታ አለ፤ ማን እንደሚሄድና ማን እንደሚቀር የሚያውቀው ሊቀመንበሩ ነው። ከሄዱት ልጆች እስካሁን የተመለሰ አላየንም። ጃርሶ ዕድሜውን ተናገረ። ሌላ ምን ይበል።

በማግስቱ ጠዋት መጋዘኑ ውስጥ ምክር ተያዘ። ሳጥኑን እናቃጥል ተባለ፤ ጭሱን ከተማው ሁሉ ያያል። ሐጂ ኑር የዶሮ ቤት ነው እንበል አሉ፤ ዶሮዋን ስንፈልግ ቆይተን አመጣናት፣ ሳጥኑን አየችና አልገባም አለች። በጉልበት ብናስገባት በሌላ በኩል ወጣች። ጃርሶ ወደ ቦሬ ዘመዶቹ ዘንድ ይሽሽ ተባለ፤ ወደራ ኬላ ላይ የሚያፍሱት የሚሸሹትን ነው። ደግሞም ቢጠፋ እናቱን ነው የሚያስሯቸው። ጃርሶ ራሱ ጥግ ላይ ተቀምጦ የአንዱንም ሐሳብ አልደገፈም። የፈሩ ሰዎችን ድምፅ እየቀዳ ሊያስቀን ሞከረ፤ መጨረሻ ላይ የቀዳው ግን የራሱን ድምፅ ሆነና ተወው።

በመጨረሻ ሀሊማ ቆረጠች። ጃርሶ እንደ ማንም ተመልካች ይቀመጣል። እኔ ገብቼ ልማትና ምርት የበዛበት ዜና አነባለሁ። ሊቀመንበሩ የሴቶች ጨዋታ ነው ብሎ ይሄዳል። እኔ ለምን እንደሆንኩ ስጠይቃት፣ አንቺን ማንም አይጠረጥርሽም፣ መኖርሽንም የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው አለች። ስድብ ይሁን ሙገሳ ለማሰብ ጊዜ አልነበረም።

ሊቀመንበሩ ከሰዓት በኋላ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ጥበቃዎች አስከትሎ መጣ። ወንበር ተሰጠው። ጃርሶን አየውና በጣቱ ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠው። መጋዘኑ ሞልቷል፤ ሰው ሁሉ መፍራቱን ፈርቷል፣ እንዳይቀርበት ግን መጥቷል። በሻሹ በኩል የጥበቃውን ጠመንጃ አፍ አየሁ። ዓይኑ አይታይም ያልኩት ሻሽ ጠመንጃ በደንብ ያሳያል። ስለ ጤፍ ምርት ተናገርኩ። ስለ መሠረተ ትምህርት ተናገርኩ። ጤፍ በማይበቅልበት ወረዳ ሁሉ ጤፍ አበቀልኩ። ሊቀመንበሩ ማዛጋት ጀመረ፤ ሀሊማም ከበሩ ጋ በእጇ ምልክት ሰጠችኝ፤ ልናመልጥ ነው።

አባ ጋልገሎ ያኔ ገቡ። ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ ሊቀመንበሩ እንደሚመጣ ሰምተው፣ ምክራቸው መልካም ሆኖ በመገኘቱ ደስ ብሏቸው ቀርተዋል። «ናጋ?» አሉኝ። «ናጋ» አልኩ።

«ያኛው የት ሄደ? እንደዚህ ሰውዬ የሚያወራው?» አሉ ሊቀመንበሩን በበትራቸው እያሳዩ።

«ናጋ» አልኩ።

«ናጋ ይሁን። ግን የት አለ?»

«ናጋ» አልኩ እንደገና። በሕይወቴ ያንን ቃል ለያን ያህል ነገር ተጠቅሜበት አላውቅም።

ሊቀመንበሩ ተነሳና ከሳጥኑ ኋላ ዞሮ መጣ። ውጪ አለኝ። ወጣሁ። ከላይ እስከ ታች አየኝ፤ ዜናውን ያነበበችው ሌላ ትልቅ ሴት ትሆናለች ብሎ ከኋላዬም ፈለገ። ከዚያ ያልጠበቅነውን አደረገ። ኮፍያውን አውልቆ፣ ሆዱን ሰብስቦ፣ እኔ በነበርኩበት ገባ። እኔ ስም ተጠርቶ፣ ሰው ታስሮ ይሄዳል ብዬ ነበር። እሱ ፊቱን ሻሹ ጋ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ።

«ጓዶች» አለ። ዝም አለ።

ሕዝቡ ሳቀ። አስቦ አይደለም፣ ልማድ ሆኖበት ነው፤ እዚያች ቦታ ላይ ሁልጊዜ ይስቃል። ሳቁ እንደወጣ ቆመ። ጥበቃዎቹ ተያዩ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ አባ ጋልገሎ አጠገባቸው ላለው ሰው፣ «ይመስላል። ያኛው ግን ይሻላል» ሲሉ ሁሉም ሰማ። ጃርሶ መርፌ የጠፋበት ይመስል መሬቱን ማየት ጀመረ።

ሊቀመንበሩ ያንን ይስማ አይስማ አላውቅም። ንግግሩን ሊቀጥል አፉን ሲከፍት አባ ጋልገሎ ቀደሙት። «ናጋ?» አሉት። ይህችን ያውቃታል። «ናጋ» አለ። ካለ በኋላማ ገባበት። ልጆቹ ናጋ? ናጋ። ቤቱ ናጋ? ናጋ። ቦቴው ናጋ? ናጋ አለ ሳያስበው። አባ ጋልገሎ ቀጥለው ያሉትን ጃርሶ እንዲተረጉም ሁሉም ጠበቀው። ጃርሶ ወደ አባ ጋልገሎ አየ፤ እሳቸው ከትናንት ወዲህ ዓይናቸውን ከአፉ ላይ አልነቀሉም።

«ቦቴው ወደኛ ሰፈር መቼ ይመጣል ይላሉ» አለ ጃርሶ። ሐቀኛ አስተርጓሚ ሆኖ ያየሁት ያኔ ነው፤ ጊዜ ሲመርጥ።

ሊቀመንበሩን ስብሰባ ላይ ማንም ጠይቆት አያውቅም፤ «ጥያቄ ካለ» ይልና እጅ ሳይወጣ ስብሰባውን ይዘጋል። አሁን ግን መድረክ ላይ ሆኖ የሚያየው የሰው ዓይን የለም፤ ሻሽ ነው ያለው። ያ ሻሽ እኔን ምን እንዳደረገኝ ነግሬያችኋለሁ።

«ነገ ይመጣል» አለ።

አባ ጋልገሎ መረቁት። ሕዝቡ ምርቃቱን ተቀብሎ ናጋ ናጋ አለ። ሊቀመንበሩ የሚወጣ መስሎን ነበር፤ አልወጣም። ሌላ ጥያቄ እስኪመጣ ጠበቀ። መጣ፤ መለሰ። በኋላ ሳይጠየቅ ጉልበቱን እንደሚያመው ተናገረ። ግማሹ ሰው በእሬት ይታሽ አለ፣ ግማሹ የግመል ወተት ይጠጣ አለ፤ በዚህ ተከራከሩ። ሲወጣ ሸሚዙ በላብ ርሷል፣ ፊቱ ላይ ግን የሆነ ነገር በርቷል። ኮፍያውን ሲያደርግ ጠፋ።

«አንቺ ነገ ጠዋት ቀበሌ ቅረቢ» አለኝ። ወደ ጃርሶ ዞረ። «አንተ እስክትጠራ ከቤትህ ንቅንቅ እንዳትል።»

እናቴ ብርድ ልብስና በሶ አዘጋጀችልኝ፤ ጠዋት ቀበሌ የሚጠራ ሰው ማታ እንደማይመለስ ታውቃለች። ስሄድ መንገድ ላይ ቦቴው ቆሟል፤ በእርግጥ መጥቶ ነበር። ጀሪካን ይዘው የተሰለፉት ሴቶች ብርድ ልብሴን አይተው ዓይናቸውን መለሱ። ጃርሶ በር ላይ እናቱን ይዞ ቆሟል። ንቅንቅ አትበል ስለተባለ ንቅንቅ አላለም፤ እጁን እንኳን አላነሳልኝም።

ሊቀመንበሩ ቢሮ ውስጥ ሳጥኑ ቀድሞኝ ደርሷል። ተወርሷል አለኝ። ትናንት ማታ አዳራሹ ውስጥ ከጥበቃዎቹ በቀር ቴሌቪዥኑን ያየ ሰው እንዳልነበረ ነገረኝ፤ በየቀኑ ካርድ እነጥቃለሁ ብሎ መለፈፍም አይቻልም። የበላይ አካል ደግሞ ሕዝቡ በምን ያህል ስሜት እየተከታተለ እንደሆነ ይጠይቃል።

«ማታ ማታ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ ትቀመጫለሽ» አለ። «ሽማግሌዎቹ ሰላም ሲሉ አንቺ ትመልሻለሽ። ሲጠይቁ ታስረጃለሽ።»

ብርድ ልብሴን እንደታቀፍኩ ቆሜያለሁ። እስር ቤት አይደለም። እሺ ብሎ መውጣት ብቻ ነው የቀረው፤ እሺ ማለት ደግሞ ከአፌ ቀድሞ የሚወጣ ቃል ነው። ግን እሺ ብዬ ስወጣ ጃርሶ በሩ ላይ እንደቆመ መኪናው መጥቶ ይወስደዋል። ሻሽ የለም። የሊቀመንበሩ ዓይን ፊት ለፊቴ ነው።

«ብቻዬን አልችልም» አልኩ። «ኦሮምኛ አልችልም። ጃርሶ ካልኖረ አይሆንልኝም።»

«ስትናገሪ ሰምቼሻለሁ።»

«ጃርሶ ነው የሚነግረኝ።»

«ጃርሶ ከኔ አጠገብ ተቀምጦ ነበር። አንቺ ስትናገሪ አፉን አልከፈተም።»

«በዓይኑ ነው የሚነግረኝ» አልኩ።

ይህ ከየት እንደመጣ አላውቅም። ፊቴ እስከ ጆሮዬ ነደደ። ሊቀመንበሩ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ያላልኩትንም ጨምሮ የሰማኝ መሰለኝ። ከዚያ ወደ ጠረጴዛው አዘንብሎ ድምፁን ቀነሰ። እንደሱ የሚያወራው ጃርሶ መሆን አለመሆኑን ጠየቀኝ።

«እንደ እርስዎ የሚያወራ ሰው የለም፣ ጓድ ሊቀመንበር» አልኩት። «ትናንት ሁሉም አይቷል።»

ኮፍያው ሥር ፊቱ ትንሽ ለስለስ አለ። በሩ ላይ ያለውን ጥበቃ ጠራና ጃርሶ ከዛሬ ጀምሮ የቀበሌው ሠራተኛ ስለሆነ ማንም እንዳይነካው አለው። ለኔ ደግሞ ከዜናው አንድ ቃል ብትዛነፍ ሁለታችሁንም በአንድ መኪና ነው የምሰዳችሁ አለኝ። ወጣሁ። መንገድ ላይ ብርድ ልብሴን አንጥፌ ተቀመጥኩበት።

ያን ማታ አዳራሹ ካርድ ሳይጠራ ሞላ። እኔ ከቴሌቪዥኑ በስተቀኝ፣ ጃርሶ በስተግራ ተቀምጠናል፤ ሊቀመንበሩ ፊት ወንበር ላይ። ነፋስ ስለነበር አንድ ጥበቃ ጣሪያ ላይ ወጥቶ አንቴናውን ደግፎ ይዟል። ከረባት ያሰረው ሰውዬ እንደምን አመሻችሁ አለ። አባ ጋልገሎ ናጋ አሉት፤ እኔ በእሱ ስም መለስኩላቸው። ሰውዬው በደቡብ ቆላማ ወረዳዎች ዝናቡ በቂ እንደነበርና ኩሬዎች መሙላታቸውን አስታወቀ።

አባ ጋልገሎ ወደኛ ዞሩ። ይህ ሰውዬ የሚያወራው ስለ የት አገር ኩሬ እንደሆነ ጠየቁ። የደረቀውን የአሬሮ ኩሬ አቧራ ከእግራቸው ላይ ገና አላራገፉም።

ጃርሶ አየኝ። እኔም አየሁት። ከዚያ በኦሮምኛ መለሰላቸው፤ መልሱ ከዜናው ይረዝማል። ስኳርም ነበረበት፣ ጆንያም ነበረበት፣ ኩሬውም ደርቆ ነበረበት። አዳራሹ ውስጥ አንድ ሁለት ሰው ሳል ያዘው።

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ ምን እንዳላቸው ጠየቀኝ። ጃርሶ ዜናውን እያብራራላቸው ነው አልኩት። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ራሱን ነቀነቀ፤ ቀጥል ብሎም ለጃርሶ በእጁ ምልክት ሰጠው።

በዚህ መሐል ጣሪያው ላይ ያለው ጥበቃ አንቴናውን ወደ አንድ በኩል አዙሮ ቁልቁል ጮኸ። እየታያችሁ ነው ወይ አለ።

«አሁን ጥርት ብሎ ይታያል» አለ ጃርሶ።